ማሳጅ ከመመሪያ ለመማር፦ መጽሐፍ፣ ቪዲዮ፣ አልጋና ዘይት (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ ማሳጅ ከመመሪያ ተምሬ ቤተሰብ ማሸት እፈልጋለሁ። መጽሐፍ ይሻላል ቪዲዮ? የማሳጅ አልጋ የግድ ነው? በየትኛው ዘይትስ ልጀምር? የምታውቁ እህቶችና ወንድሞች ብትጠቁሙኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ መጽሐፍና ቪዲዮ ሌሎች ይነግሩሻል። እኔ የማስቀድመው የትኛውንም መመሪያ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት የምትመዝኝበትን መንገድ ነው። መጀመሪያ «መቼ አይታሽም» የሚለውን ክፍል ፈልጊ። ይህ ክፍል የሌለው መመሪያ ፎቶው ምንም ቢያምር ይቅርብሽ። ትኩሳት ያለበት ሰው አይታሽም። ተላላፊ የቆዳ በሽታ፣ ክፍት ቁስል ወይም ገና ያልጠገነ ስብራት ያለበት ቦታ አይነካም። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው በቀላሉ ይበልዛል፤ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ጠንካራ እሽት አይገባውም። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን በእግር ደም መላሽ ሥር ውስጥ የረጋ ደም ነው። አንዱ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆና አሞ ከተገኘ እጅሽን ሰብስበሽ ሰውየውን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ላኪው፤ ማሸት የረጋውን ደም አላቅቆ ወደ ሳንባ ሊሰድደው ይችላል።

ቀጥሎ ስለ ግፊት የሚለውን አንብቢ። «ጠበቅ አድርገሽ እሺ» ብሎ የሚያልፍ ምንም አላስተማረም። ጥሩ መመሪያ ግፊቱ ከ1 (በጣም ቀላል) እስከ 10 (የማይቻል) ስንት እንደሆነ ታሺውን እንድትጠይቂ ያዝዛል። ለጀማሪ 6 ጣሪያው ነው። ታሺው ትንፋሹን ከያዘ፣ ጣቶቹን ከጨበጠ፣ ወይም ጡንቻው እጅሽን መልሶ ከገፋ፣ «ደህና ነኝ» ቢልሽም በዝቷል ማለት ነው።

አንድ ምልክት ልጨምር። «ማሳጅ ከሰውነት መርዝ ያስወጣል፣ ላክቲክ አሲድ ያጥባል» የሚል መመሪያ ካገኘሽ መልሰሽ አስቀምጪው። ቆሻሻን የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ከስፖርት በኋላ በደም ውስጥ የጨመረው ላክቴትም በአንድ ሰዓት ገደማ በራሱ ይወርዳል። ይህን ያላጣራ ጸሐፊ ሌላውን ማጣራቱን በምን እናምናለን?

መልስ፦ ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ሁለቱም ያስፈልጉሻል፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። መጽሐፍ የጡንቻውን አቀማመጥና ቅደም ተከተሉን ያስይዛል። ፍጥነትንና ምትን ግን ፎቶ ሊያሳይ አይችልም፤ ያ የቪዲዮ ሥራ ነው። መጽሐፍ ስትመርጪ የፎቶው ቀስቶች እጁ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ለይተው ማሳየታቸውን እዪ። ጠርዙ በሽቦ የተጠመዘዘ ከሆነ ተዘርግቶ ስለሚቀመጥ በዘይት እጅ መግለጥ የለም። ካልሆነም ቅደም ተከተሉን በትልልቅ ፊደል በአንድ ወረቀት ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው።

ቪዲዮ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከጣሪያ በኩል የተቀረጸውን መምረጡ ነው። እጅ ብቻ ይታያል፤ ጉልበቱ የሚመነጨው ግን ከእግር ነው። ከጎን የተቀረጸ፣ አሺው ከእግር እስከ ራሱ የሚታይበትን ውሰጂ።

ሁለት መመሪያ ስታወዳድሪ ስሞቹ እንዳያደናግሩሽ። በ«ስዊድን ማሳጅ»፣ ማለትም በተለመደው የዘይት ማሳጅ፣ ውስጥ የሚሠራባቸው የፈረንሳይኛ ስሞች በአብዛኛው የሚያያዙት ከሆላንዳዊው ሐኪም ዮሐን ጌዮርግ ሜዝገር (1838–1909 እ.ኤ.አ.) ጋር ነው። ኤፍሉራዥ በሙሉ መዳፍ ማንሸራተት ነው። ፔትሪሳዥ ጡንቻውን ከአጥንቱ አንስቶ እንደ ሊጥ ማቡካት ነው። ፍሪክሽን ላይ ጣት ቆዳው ላይ አይንሸራተትም፤ ቆዳውን ይዞ ከሥሩ ያለውን ሥጋ ይፈትጋል፤ ለዚህ ነው ዘይት ሲበዛ የማይሆነው። ታፖትማን መታ መታ ማድረግ፣ ቫይብሬሽን ማንቀጥቀጥ ነው። ለጀማሪ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይበቃሉ።

የግፊትን ልክ ግን መጽሐፍም ቪዲዮም አይሰጡሽም። ቢያንስ ለአንድ ቀን፣ ራሱ ተኝቶ «እዚህ ጨምሪ፣ እዚህ ቀንሺ» የሚልሽ አስተማሪ ብታገኚ ከአሥር ቪዲዮ ይበልጣል።

መልስ፦ የመረጥሽው መመሪያ ከጀርባ የማይጀምር ከሆነ ሌላ ፈልጊ። ጀርባ ሰፊ ነው፣ ስህተትንም ይችላል። የ20 ደቂቃውን አካሄድ ላስቀምጥልሽ፣ ከመመሪያሽ ጋር አስተያዪው።

ታሺው በሆዱ ይተኛ፤ ቁርጭምጭሚቱ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጊለት፣ ወገቡ ያርፋል። ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ዘይት መዳፍሽ ላይ አሙቂ፤ በቀጥታ ጀርባው ላይ አታፍስሺ፣ ቅዝቃዜው ጡንቻውን ያኮማትረዋል። ከራሱ በኩል ሳይሆን ከዳሌው አጠገብ ቆመሽ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ወደ ትከሻ አንሸራቺ፣ ከዚያ በጎን በኩል ተመለሺ። መውጫው 5 ሰከንድ ያህል ይፍጅ። ስትወጪ ጫን፣ ስትመለሺ ቀለል፤ ደም ወደ ልብ የሚመለሰው ወደዚያው ስለሆነ ግፊቱም ወደዚያው ይሁን። ይህ 4 ደቂቃ ነው፣ እንዳታሳጥሪው። ያልሞቀ ጡንቻ ላይ በቀጥታ ጠልቆ መግባት ታሺው በማግስቱ እንዲያመው ሊያደርግ ይችላል።

ቀጥሎ ማቡካት፣ ለእያንዳንዱ ጎን 3 ደቂቃ። ከአንቺ ርቆ ያለውን ጎን ነው የምታሺው፤ ቅርቡን ከሞከርሽ የእጅ አንጓሽ ይታጠፋል። አንዱ እጅ ሲለቅ ሌላው ይያዝ። ከዚያ በአከርካሪው ዳር፣ ከአጥንቱ ሁለት ጣት ፈቅ ብለሽ፣ በትንንሽ ክብ ፍተጊ፤ አንድ ቦታ ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ አትቆዪ፣ በጠቅላላው 5 ደቂቃ። ትከሻና አንገት መጋጠሚያ ላይ ያለውን ወፍራም ጡንቻ በመዳፍና በጣቶች መካከል ይዘሽ 3 ደቂቃ ቀስ እያልሽ ጭመቂ። የቀረውን 2 ደቂቃ እንደ መጀመሪያው በማንሸራተት ዝጊ፣ ግፊቱን እየቀነስሽ።

የማይጫኑ ቦታዎች፦ አከርካሪው ራሱ፣ የአንገት ፊት ለፊትና ጎን፣ ብብት፣ የክርን ውስጠኛ እጥፋት፣ ቋንጃ። እዚህ ሁሉ ነርቭና ደም ሥር ከቆዳ ሥር ቅርብ ናቸው። ከመጨረሻዎቹ የጎን አጥንቶች በታች ኩላሊት ስላለ መታ መታ አይደረግም።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አውራ ጣት ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚዝለው ልምምድ በማነሱ ነው?

መልስ፦ ልምምድ አይፈታውም፤ አጠቃቀሙን መቀየር ነው። አውራ ጣት ወደ ኋላ ተቀልብሶ ሲገፋ ክብደቱን የሚሸከመው መገጣጠሚያው ነው፣ ያ እየቆየ ይጎዳል። ጣት፣ የእጅ አንጓ፣ ክርንና ትከሻ በአንድ መስመር ይሁኑ፤ የግድ በአውራ ጣት መጫን ካለብሽ በሌላው እጅ ደግፊው። ለጀርባና ለጭን ልል ቡጢ ወይም የክንድሽን ለስላሳ ክፍል ተጠቀሚ። አውራ ጣትን ለመዳፍና ለውስጥ እግር አስቀሪው። አንዱን እግር አስቀድመሽ፣ ጉልበትሽን ለቀቅ አድርገሽ በክብደትሽ ዘንበል በዪ እንጂ በክንድ ጡንቻ አትግፊ።

የማሳጅ አልጋው ከፍታም አለበት። ቀጥ ብለሽ ቆመሽ እጅሽን ወደታች ስትለቂና ስትጨብጪ የጣቶችሽ አንጓዎች አልጋውን ነካ ካደረጉ ልኩ ነው። የመኝታ አልጋ ሁለት ችግር አለበት፦ ዝቅ ስለሚል ወገብሽን ያጎብጣል፣ ፍራሹ ደግሞ ግፊቱን ይውጠዋል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ወፍራም ብርድ ልብስ አጥፎ መሬት ላይ ማንጠፍና ተንበርክኮ ማሸት ከመኝታ አልጋ ይሻላል፤ አልጋ መግዛት አያስቸኩልም።

ስትገዢ ታጣፊውን ውሰጂ፣ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት፣ ስፖንጁ ከ5 ሳንቲ ሜትር የማያንስ። «ይህን ያህል ኪሎ ይሸከማል» ሲሉሽ ዝም ብሎ የተቀመጠ ክብደት ነው ወይስ እየታሸ ያለ ሰው ከአሺው ግፊት ጋር ነው ብለሽ ጠይቂ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ሁልጊዜ ትልቅ ነው፣ የሚጠቅምሽ ግን ሁለተኛው ነው። አሉሚኒየም ይቀላል፣ እንጨት ጸጥ ይላል። እግሮቹ ሁሉ በእኩል ቀዳዳ መታሰራቸውን ሰው ሳይወጣበት እዪ።

መልስ፦ ዘይት። ለመጀመሪያ የወይን ፍሬ ዘይት ውሰጂ፣ ቀላል ነው፣ ሽታው ትንሽ ነው። ቶሎ ስለሚበላሽ ግን በትንሽ ጠርሙስ ገዝተሽ ከብርሃንና ከሙቀት አርቂው።

መልስ፦ እኔ የአልሞንዱን አስቀድማለሁ። የወይን ፍሬው ቶሎ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ጀማሪም መድረቁን ሳታስተውል ቆዳውን ትጎትታለች። አልሞንድ በመካከል ነው፣ ለማንሸራተትም ለማቡካትም ይሆናል። የአልሞንድና የመሳሰሉት አለርጂ ያለበትን ግን አስቀድመሽ ጠይቂ። ጆጆባ በእርግጥ ዘይት ሳይሆን ፈሳሽ ሰም ነው፤ ለረጅም ጊዜ አይበላሽም፣ ግን ይወደዳል። የወይራ ዘይት ይከብዳል፣ ሽታውም ልብስ ላይ ይቀራል። ተራ የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ በታች ይረጋል። የሕፃናት የማዕድን ዘይት በጣም ያንሸራትታል፤ ለማቡካት ስትሞክሪ ሥጋው ያመልጥሻል። ለመፈተግ ክሬም ይሻላል። ማንኛውንም አዲስ ነገር በክንድ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ትንሽ ቀብተሽ 24 ሰዓት ጠብቂ።

መዓዛ ከፈለግሽ በ30 ሚሊ ሊትር ዘይት 6 ጠብታ ያህል የመዓዛ ዘይት (ከዕፅዋት የሚወጣ ጠንካራ ሽታ ያለው)፣ ማለትም ወደ 1 በመቶ፤ ብቻውን ቆዳ ላይ አይፈስም። ከሎሚና ከቤርጋሞት (የብርቱካን ዘመድ ፍሬ) ልጣጭ ተጨምቆ የወጣ የመዓዛ ዘይት ከተቀባ በኋላ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን መዓዛውን ተዪው።

ጠርሙሱ ፓምፕ ያለው ይሁን፣ በአንድ እጅ ይቀዳል፤ ሌላው እጅ ከታሺው ሰውነት አይነሳም። ፎጣዎቹን በሙቅ ውኃና በሳሙና በደንብ እጠቢ። ዘይት የቀረበት ፎጣ ከማድረቂያ ማሽን ሞቆ ወጥቶ ቢከመር ውስጡ በራሱ እየጋለ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ገመድ ላይ አስጪው።