የገበጣ ጌሜን የሞከሩ ሰዎች አስተያየት ግራ አጋባኝ፤ የቱን ልስማ?

ጠያቂ (ማራኪ፣ ጎንደር)
ሰላም ለሁላችሁ። በብሮውዘር የሚከፈት የገበጣ ጌም ሰርቻለሁ። ነጻ ነው፤ ማውረድም መመዝገብም የለም። ባለ ሁለት ረድፍ፣ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር። ሊንኩን ለጓደኛም ለዘመድም ላክሁ። ግማሹ «አሪፍ ነው፣ በርታ» ብሎ አለፈ። ብዙዎቹ ደግሞ «ይከብዳል» አሉኝ። ተጋጣሚ ሆኖ የሚጫወተውን የኮምፒውተሩን ችሎታ ሁለት ጊዜ ቀነስኩት፤ አሁንም «ይከብዳል» ነው የሚሉት። አንድ ሰው «ይሄ ገበጣ አይደለም» ብሎ ጻፈልኝ። እውነቱን ለመናገር እሱ አስከፋኝ፤ ስድስት ወር ማታ ማታ የለፋሁበት ነው። ምን ላስተካክል?

ዌብ ሰሪ (አዘዞ)
ወንድሜ፣ «ይከብዳል» ያሉህን መልሰህ ጠይቃቸው። የከበዳቸው ጨዋታው ነው ወይስ መክፈቱ? እኔ አሁን በሞባይል ዳታ ሞከርኩት፤ ሰሌዳው እስኪመጣ አንድ ደቂቃ ያህል ነጭ ስክሪን ነው ያየሁት። ከኋላ ያደረግከው የፋሲል ግቢ ፎቶ ብቻውን 6 ሜጋባይት ነው። መጠኑን ቀንሰህ ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ዓይነት ቀይረው፣ በጣም ይቀላል።

ድምፁም ሲከፈት አይሰማም። ክሮም ሰው ገጹን ሳይነካ ድምፅ አያጫውትም። ስለዚህ «ጀምር» የሚል በተን አስገባና ድምፁን ከእሱ ጋር አስነሳው። ደግሞ ስልክ ተደውሎልኝ ስመለስ ጨዋታው ከዜሮ ጀመረ፤ እያሸነፍኩ ስለነበር ተናደድኩ። እያንዳንዱን ተራ ሎካል ስቶሬጅ ላይ፣ ማለትም ብሮውዘሩ እዚያው ስልኩ ውስጥ በሚይዘው ማስቀመጫ ላይ፣ አስቀምጥ። ሰርቨር አያስፈልግህም።

የሦስት ልጆች እናት (አራዳ)
ልጄ፣ «ገበጣ አይደለም» ያልኩህ እኔ ነኝ። ስላስከፋሁህ ይቅርታ። እኛ ቤት የምንጫወተው ባለ ሦስት ረድፍ ነው፤ 18 ጉድጓድ፣ ሦስት ሦስት ጠጠር። ያንተን ሳየው ሌላ ጨዋታ መሰለኝ።

ሌላም አለ። ኮምፒውተሩ ሲጫወት ጠጠሩ ብልጭ ብሎ ያልቃል። ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ አላየሁም። በእጅ ስንጫወት አንድ በአንድ ሲወርድ እንቆጥራለን፤ ቀጥሎ ምን እንደምናደርግ የምናስበውም ያኔ ነው። ቀስ አድርገው። ሥራህን ግን ወድጄዋለሁ፣ አይዞህ።

ተማሪ
እትዬ ያሉት ትክክል ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያንና የአካባቢውን ገበጣ ሰብስበው ሲጽፉ ደንቡ ከቦታ ቦታ ብዙ እንደሚለያይ አሳይተዋል። መግቢያው ላይ ረድፍና ደንብ የሚመረጥበት ቦታ አድርግ።

እኔ ብሆን ግን ከሁሉ በፊት የማደርገው ሌላ ነው። ስልኩን ለአንድ ሰው ስጥና አጠገቡ ዝም ብለህ ተቀመጥ። «እዚህ ጋ ንካ» እንዳትል። አይንህ እጁ ላይ ይሁን። አምስት ሰው በቂ ነው፤ ትልልቆቹ ችግሮች በእነሱ ይወጣሉ።

ተጫዋች (ቀበሌ 18)
እኔ አንድ ነገር ብቻ። ወጪህን ለመሸፈን ማስታወቂያ ብታስገባ ቅር አይለኝም። በጨዋታ መሃል ግን አታድርገው፤ የምዘጋው ወዲያው ነው።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፤ እርስዎ የጻፉትን ነው ደጋግሜ ያነበብኩት። አሁን ጠጠሩ አንድ በአንድ ይወርዳል። ባለ ሦስት ረድፉን እየሰራሁ ነው።

ትናንት ፒያሳ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ለአንድ ልጅ ስልኬን ሰጠሁት። ዝም ማለት እንዴት ከባድ ነው! ፀሐይ ነበር፤ ግራጫው ጠጠር ቡናማው ሰሌዳ ላይ አልታይ ብሎት በግራ እጁ ስክሪኑን ከለለ። ከዚያ ሦስተኛውን ጉድጓድ ሊነካ ሲል አውራ ጣቱ አራተኛውን ነካ። ሦስት ጊዜ እንዲያ ሆነ። ከዚያ ቀና ብሎ «ይከብዳል» አለኝ። ያቺኑ ቃል! እኔ በኮምፒውተር ስሰራ ጉድጓዶቹ ሰፊ ነበሩ፤ ስልክ ላይ ስድስቱ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ጠበቡ።

ዌብ ሰሪ (አዘዞ)
ስልክ በቁሙ ሲያዝ ሰሌዳውን አዙረው፤ ስድስቱ ጉድጓድ ከላይ ወደ ታች ይውረድ። እያንዳንዱ ቢያንስ 48 ፒክስል ይሁን። ጠጠሩንም ነጣ አድርገው።

ጠያቂ
ዛሬ ማታ አዞረዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት እዚያው ካፌ ነኝ። ትንሽ ስክሪን ያለው የቆየ ስልክ የያዘ ካለ ይምጣ፤ ማኪያቶ በእኔ።