ከበረንዳ የተነሱ ወጣቶችን የሚያስጠጋ ቤት፦ ወጥተው ተመልሰው እንዳይወድቁ ምን እናድርግ?

ማርቆስ_መናኸሪያ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ በረንዳ ላይ የሚያድሩ ወጣቶችን የሚያስጠጋ ቤት ልንከፍት እየተሰናዳን ነው። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 25፣ ሁሉም ወንዶች፣ ለጊዜው 16 ልጆች ናቸው። ግቢው ስድስት ክፍል አለው፤ አራቱ 4 በ4፣ ሁለቱ ጠበብ ያሉ። አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቧንቧ። ፍራሽና ቀለብ ተገኝቷል። የቸገረን መውጫው ነው። ስንት ጊዜ ይቆዩ? በነጻ ይኑሩ ወይስ ይክፈሉ? ቤት ተከራይተው በወጡ በሁለት በሦስት ወራቸው ተመልሰው በረንዳ እንዳይገኙ ከጅምሩ ምን ይደረግ? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልን።

ጊዮን_ዳር

ወንድሜ፣ ሐሳባችሁን እግዜር ይፈጽምላችሁ። ከልኩ ልጀምር። ለመጠለያ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ መለኪያ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ወለል፣ በቀን 15 ሊትር ውሃ፣ ለ20 ሰው አንድ ሽንት ቤት ያስፈልጋል። 4 በ4 ክፍል 16 ካሬ ስለሆነ አራት ሰው ይይዛል፤ አምስተኛ ፍራሽ አታስገቡ። ውሃው ለ16 ሰው በቀን 240 ሊትር ነው። ቧንቧ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ 1,000 ሊትር ሮቶ አራት ቀን ያሻግራችኋል። ሁለቱን ጠባብ ክፍሎች ግን ለመኝታ አትንኳቸው፤ መውጫው እነሱ ናቸው።

ወረቀት በመጀመሪያው ሳምንት ይጀመር። ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከደጀን ገጠር የመጣ ልጅ የከተማ ነዋሪነት መታወቂያ ሲጠይቅ ከትውልድ ቀበሌው መሸኛ አምጣ ይባላል። መሸኛው ብዙ ጊዜ ይጎተታል፤ ስለዚህ ስድስተኛ ወር ላይ የጀመረው ሰው ሥራም ቤትም አግኝቶ በወረቀት ይቀራል። በመሬት ጠብ ወይም በደም ምክንያት ሸሽቶ የመጣ ልጅ ካለ ወደ አገሩ አትላኩት፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ ይጠይቅለት። ፋይዳንም (ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያውን) በዚያው ሳምንት አስመዝግቡ፤ ሰነድ የሌለው በምስክር የሚመዘገብበት መንገድ አለ። ሲሚንቶና አካፋ እጁን የላጠው ልጅ አሻራው አልነበብ ሊል ስለሚችል ሁለት ሦስት ቀን አርፎ፣ እጁን ቅባት ተቀብቶ ይሂድ።

ቆይታው በእኔ ግምት ስምንት ወር ነው። የመጀመሪያው ወር ለዕረፍት፣ ለሕክምናና ለወረቀት። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ለሥራና ለቁጠባ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በጠባቦቹ ክፍሎች ይለፉ። ሁለት ሁለት ልጆች የራሳቸውን ቁልፍ ይዘው ይግቡ፤ ከቤቱ ማዕድ ይውጡ፣ ምድጃቸውን፣ ድስታቸውንና 20 ሊትር ጀሪካናቸውን ይዘው ራሳቸው ያብስሉ፤ ወር በገባ በ5ኛው ቀን እንደ ማንኛውም ተከራይ ኪራይ ይክፈሉ። አንድ ወር ቢያጎድል እዚህ ያጎድላል፤ ውጭ ቢሆን ዕቃው በር ላይ ይጣልበት ነበር። አብዛኛው ቤት የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስምንት ወር ሙሉ በደወል እያበላ፣ በር እየቆለፈ አኑሮ አንድ ቀን ጠዋት «በል እንግዲህ ራስህን ቻል» ይላል።

ክፍያን በተመለከተ፣ የቀን ሠራተኛ ገንዘቡ በየማታው ይገባል፣ ኪራይ ግን በወር አንዴ ይመጣል። ልጁን የሚጥለው ይህ ነው። ለምሳሌ ክፍሉ 2,000 ብር ቢሆንና ሁለት ሆነው ቢይዙት ድርሻው 1,000 ነው፤ ለ26 የሥራ ቀን ሲካፈል 39 ብር ገደማ። ስለዚህ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ በየማታው 40 ብር በስሙ በተከፈተ ደብተር ይግባ። ገንዘቡ የልጁ ነው፤ የቤቱ ገቢ አታድርጉት። የዕለት ዕቁብም ይሠራል፣ ግን ዕጣ የወጣለት ልጅ ያን ሁሉ ብር ይዞ አንድ ሌሊት እንዳያድር ወዲያው ወደ ደብተሩ ይግባ።

የምታስወጡበትን ወርም ምረጡ። በሐምሌና በነሐሴ የግንባታ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ኪራይ ግን አይቀዘቅዝም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የጤፍ አጨዳና ውቂያ ስላለ ጉልበት ያለው ልጅ ሥራ አያጣም።

ወይናደጋ

ጋሼ በጻፉት ላይ ልጨምር፤ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። የመጀመሪያውን ወር ሥራ ፈትቶ የዋለ ልጅ ወደሚያሸተው ማስቲሽ ይመለሳል። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ግማሽ ቀን ግቢው ውስጥ ሥራ ስጡት።

አቀባበል ላይ ቅማልን ቀላል አትበሉ። የልብስ ቅማል የሚያገረሽ ትኩሳትና ታይፈስ ያስተላልፋል፤ ደብረ ማርቆስ ብርድ ስላለ ልብስ ተደራርቦ ሳይታጠብ ይከርማል። በገባበት ዕለት ገላውን ይታጠብ፣ የለበሰው ሁሉ ይቀቀል። ከ54 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቅ ውሃ ቅማሉንም ቅጫሙንም ይገድላል። ትኩሳት ያለበትን በቤት ውስጥ ክኒን አታክሙት። የሚያገረሽ ትኩሳት መድኃኒት በተወሰደ በሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ ብርድ ብርድና የደም ግፊት መውረድ ሊያመጣ ስለሚችል ጤና ተቋም ተኝቶ ይታከም።

በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረውንም «ከዛሬ ጀምሮ አቁም» ብላችሁ አትዝጉበት። በድንገት ያቆመ በሁለት ቀን ውስጥ ሊንዘፈዘፍና ራሱን ሊስት ይችላል፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ሰሊጥም አለ። ነሐሴ ለአረም፣ መስከረምና ጥቅምት ለአጨዳ ልጆቹ ወደ መተማ ይነጉዳሉ። መከልከል አያዋጣም። አልጋውን ለስንት ሳምንት እንደምትይዙለት አስቀድማችሁ ንገሩት፣ አጎበር ስጡት። ሲመለስ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈና ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ የወባ ምርመራ ብቻ አይበቃም፤ ካላ አዛርም (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ይመርመር።

ማርቆስ_መናኸሪያ

እግዜር ይስጥልን። የክፍሎቹን ነገር በዚሁ እናስተካክላለን። የቀረን ተያዥ ነው። አከራይም አሠሪም «ተያዥ አምጣ» ሲል ልጆቹ ማንን ይጥሩ?

የደምበጫ_መንገድ

ዋናው እንቅፋት እሱ ነው፤ ከገንዘቡ ይልቅ። ማኅበራችሁ ለሁሉም ያልተገደበ ዋስ ቢሆን በሁለት ልጅ ጥፋት ይዘጋል። ለአሠሪ የምትጽፉት ዋስትና የብር ጣሪያና የስድስት ወር ገደብ ይኑረው። ለአከራይ ደግሞ ዋስ ከመሆን ሁለት ወር ቅድሚያ መክፈል ይቀላል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ ከተማችሁ በአዋጁ ትካተት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብሩ ከልጁ ደብተር ወጥቶ በቀጥታ ለአከራዩ ይድረስ፣ ውሉ ግን በልጁ ስም ይጻፍ። በማኅበሩ ስም ከተጻፈ አከራይዋ ለጥቃቅኑም ነገር እናንተን ትጠራለች፤ ልጁም ተከራይ ሳይሆን እንግዳ ሆኖ ይኖራል። «የበረንዳ ልጅ ነው» እያላችሁም አታስተዋውቁት፤ የት እንደሚሠራ መናገር ይበቃል።

ሲወጣ ከምድጃው ጋር ይህን ንገሩት፦ ከሰል ውጭ ተቀጣጥሎ ቢገባም በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። የአገሩ ብርድ ያስገድዳልና ምክር ብቻ አይበቃም፣ ሁለት ብርድ ልብስ ስጡት።

ከወጣ በኋላ የመጀመሪያውን ወር በየሳምንቱ፣ እስከ ስድስተኛው ወር በየአሥራ አምስት ቀኑ ሄዳችሁ እዩት። ማታ ሂዱ፣ ቀን ሥራ ላይ ነው። «እንዴት ነህ» ብትሉት «ደህና» ይላችኋል፤ ክፍሉን እዩ። ድስቱ ከደረቀ ወይም ብርድ ልብሱ ከጠፋ ተቸግሯል ማለት ነው፤ አብሮት የሚኖረው ልጅ ወጥቶ ኪራዩን ብቻውን ከያዘ ደግሞ የሚቀጥለው የኪራይ ቀን ሳይደርስ ሌላ ደባል ፈልጉለት።