የአቅራቢዎች አፈጻጸም በየወሩ ይለካል፤ ውሳኔ ግን አይሰጥበትም፤ ምን እናድርግ?

ጠያቂ (የግዢ ክፍል ኃላፊ)

ሰላም ለሁላችሁም። የምሠራው በአንድ አምራች ድርጅት የግዢ ክፍል ውስጥ ነው። ለዋና ዋና አቅራቢዎቻችን በየወሩ የአፈጻጸም ሰንጠረዥ እናዘጋጃለን። የማድረሻ ጊዜ፣ ጥራት፣ ዋጋ፣ የሰነድ ትክክለኛነት፣ ለቅሬታ የሚሰጡት ምላሽ፣ ሌላም ብዙ ነገር ተለክቶ በመጨረሻ አንድ ድምር ነጥብ ይወጣል። ነገር ግን ውል ሲታደስም ሆነ ትዕዛዝ ሲከፋፈል ያንን ነጥብ የሚያነሣው ሰው የለም፤ ዞሮ ዞሮ የሚወስነው ዋጋ ነው። በቅርቡ ደግሞ አንድ ትልቅ አቅራቢያችን «96 በመቶውን በሰዓቱ አድርሰናል» አለ። በእኛ ሰንጠረዥ 71 በመቶ ነው። ስብሰባው በእንካ ስላንቲያ ተበተነ። እናንተ መለኪያን ለውሳኔ የምታውሉት እንዴት ነው? ከአጋሮቻችሁ ጋርስ በምን ትስማማላችሁ?

የአቅርቦት ዕቅድ ባለሙያ

ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። መጀመሪያ የሚታየው «በሰዓቱ» የሚለው ከየትኛው ቀን ጋር እንደሚነጻጸር ነው። እናንተ ዕቃውን ከፈለጋችሁበት ቀን ጋር ታነጻጽሩ ይሆናል፤ እነሱ ደግሞ ራሳቸው ካረጋገጡት ቀን ጋር። እነሱ መኪናው ከግቢያቸው ሲወጣ «ደረሰ» ብለው ይመዘግቡ ይሆናል፤ እናንተ ግን ዕቃው ተራግፎ ሲቆጠር። አቆጣጠሩም ለብቻው ልዩነት ይፈጥራል። አሥር ዓይነት ዕቃ ካለበት ትዕዛዝ ዘጠኙ በቀኑ ቢደርስና አንዱ ቢቀር፣ በዕቃ ዓይነት ሲቆጠር 90 በመቶ፣ በትዕዛዝ ሲቆጠር ዜሮ ነው።

የአንድ ወር ትዕዛዞችን ይዛችሁ ከእነሱ የመረጃ ሠራተኛ ጋር አንድ በአንድ እዩት። ሥራ አስኪያጆቹ በዚህ ደረጃ ባይገኙ ይሻላል።

እኔ ሁለቱንም ቀኖች አስለካለሁ፤ የሚመሩት ወደተለያየ ውሳኔ ነውና። አቅራቢው በሰጠው ቀን እያደረሰ እናንተ በፈለጋችሁት ቀን ካልደረሰላችሁ፣ ችግሩ ያለው በውሉ ላይ በሰፈረው የማድረሻ ጊዜ ወይም ትዕዛዝ በምታስተላልፉበት ቀን ላይ ነው። አቅራቢ መቀየር አይፈታውም። ቃሉን የማይጠብቅ ከሆነ ግን ሌላ አቅራቢ መፈለግ ተገቢ ነው።

የክምችት ተቆጣጣሪ

ከላይ በተባለው ላይ የምጨምረው አለኝ። ብዙዎች የሚለኩት አማካይ የማድረሻ ጊዜን ብቻ ነው። መጋዘን የሚያጨናንቀው ግን መዋዠቁ ነው። አንድ ስሌት ላሳይዎት። የቀን ፍጆታ 100፣ የፍጆታው መደበኛ ልይይት (ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቅበት መጠን) 20፣ አማካይ የማድረሻ ጊዜ 9 ቀን፣ የዚህ መደበኛ ልይይት 3 ቀን ነው እንበል። ዕቃ እንዳያልቅብን 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን ወደ 505 የሚጠጋ መጠባበቂያ ያስፈልጋል። አቅራቢው አማካዩን ወደ 6 ቀን ቢያወርድና መዋዠቁ ባይለወጥ መጠባበቂያው 502 አካባቢ ነው፤ ምንም አልቀነሰም ማለት ይቻላል። 9 ቀኑ እንዳለ ሆኖ መዋዠቁ ወደ 1 ቀን ቢወርድ ግን 192 ይበቃል።

ስለዚህ «ፍጠንልን» ከማለት በፊት «ቀንህን ጠብቅልን» ማለት ይሻላል። ዋጋው በትንሹ ከፍ ያለ ነገር ግን ቀኑን የሚያከብር አቅራቢ ርካሽ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ስሌት ለፋይናንስ ክፍሉ ያቅርቡ፤ ውይይቱ ከዋጋ ይወጣል።

ከአቅራቢ ወገን

እኛም ደንበኞቻችንን እንደምንለካ መታወቅ አለበት። ትንበያቸው ከእውነተኛው ትዕዛዝ ምን ያህል ይርቃል? ጥሬ ዕቃ ከገዛን በኋላ ስንት ጊዜ ትዕዛዝ ይለውጣሉ? መኪናችን በራቸው ላይ ስንት ሰዓት ይቆማል? በውሉ ቀን ይከፍላሉ? የማምረት አቅም ሲጠብ ማን ይቅደም የሚለውን የምንወስነው በዚህ ነው።

ሊ፣ ፓድማናብሃንና ዋንግ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሸማቹ ወደ ኋላ፣ ወደ አምራቹና ወደ አቅራቢዎቹ፣ በተሄደ ቁጥር የትዕዛዝ መዋዠቅ ለምን እንደሚባባስ አራት ምክንያቶችን ለይተዋል፤ በየደረጃው ትንበያን መከለስ፣ ትዕዛዝን አከማችቶ በአንዴ መላክ፣ የዋጋ መለዋወጥና እጥረት ሲኖር ከሚያስፈልግ በላይ ማዘዝ። አራቱም ቢያንስ በከፊል ከገዢው በኩል ይመጣሉ። እባክዎን ትዕዛዝ ብቻ ሳይሆን እውነተኛ ፍጆታችሁንም አሳዩን፤ እኛን የምትለኩበት ሰንጠረዥ ላይም የራሳችሁን መስመር ጨምሩበት።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የራሳችንን መስመር ስለማስገባት አስበን አናውቅም። ድምር ነጥቡንስ ምን እናድርገው? ቅጣት እናያይዝበት የሚል ሐሳብም አለ።

የውል አስተዳደር ባለሙያ

ድምር ነጥቡን ለውሳኔ አልጠቀምበትም። የሰነድ ጥራት የዕቃን ብልሽት ይሸፍናል፤ 82 ያገኘ አቅራቢ ምን እንደጎደለው ማንም አያውቅም። አንዱ የሌላውን ጉድለት መሸፈን የሌለበትን ነገር ከመደመር ማባዛት ይሻላል። በሰዓቱ፣ በሙሉ፣ ያለ ብልሽት፣ በትክክለኛ ሰነድ፤ እያንዳንዱ 95 በመቶ ቢሆንና አንዱ ከሌላው ጋር ባይያያዝ፣ አራቱንም ያሟላው ትዕዛዝ 81 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የትርጉም ክርክር እንዳይመለስ ደግሞ የአቅርቦት ሰንሰለት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣውን ስኮር (SCOR) የተባለ የአቅርቦት ሥራ መለኪያ ማዕቀፍ ተመልከቱ፤ ለብዙዎቹ መለኪያዎች የተዘጋጀ ትርጉም አለው።

ዋናው ግን ይህ ነው፦ ከእያንዳንዱ መለኪያ አጠገብ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ደረጃ ላይ ምን እንደሚወስን ጻፉ። ለምሳሌ «ለሁለት ተከታታይ ሩብ ዓመታት ከ90 በመቶ በታች ከሆነ የግዢ ኃላፊው የትዕዛዙን አንድ አምስተኛ ወደ ሁለተኛው አቅራቢ ያዞራል» ይባል። ውሳኔ የማይጻፍለትን መለኪያ ሰርዙት።

ቅጣቱን አትቸኩሉበት። በሰዓቱ ባለማድረስ ብቻ የሚቀጣ አቅራቢ የሚሰጠውን ቀን ያርቃል፣ ወይም ግማሹን ጭኖ ይልካል። አስቀድሞ የመዘግየት ምክንያት ከሁለቱም ወገን ይመዝገብ፤ የእናንተ ድርሻ ተለይቶ ሳይወጣ ቅጣት መጻፍ ፍትሐዊ አይደለም።

ጠያቂ

በዚህ ሳምንት የትዕዛዝ ዝርዝሩን ለአቅራቢው እልካለሁ። አንድ ይቀረኛል፦ ቀድሞ የደረሰ ዕቃ «በሰዓቱ» ይባላል?

የክምችት ተቆጣጣሪ

ቦታ ከሌላችሁ አይባልም። «ከቀኑ አንድ ቀን አስቀድሞ እስከ ዕለቱ የሥራ ሰዓት ማብቂያ» የሚል የመቀበያ ጊዜ ተስማሙና ውሉ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ በፊት የመጣውን ለብቻው መዝግቡ፤ ከዘገየው ጋር አትደምሩት።