ኒል ያንግ «ሃርቨስት» ላይ ያ የሚያለቅስ ድምፅ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ዶን ዊሊያምስን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሰሞኑን ግን ዘፋኙ ኒል ያንግ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው «ሃርቨስት» የተባለ አልበም አልላቀቅ ብሎኛል። ከጊታሩ ኋላ የሚያለቅሰው መሣሪያ ምንድን ነው? ተጫዋቾቹስ?

መልስ፦ ፔዳል ስቲል ጊታር ነው ወንድሜ። ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ፣ በእግር ፔዳል እየረገጡ ቃናውን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። ተጫዋቹ ቤን ኪዝ ነው። ባንዱ ስትሬይ ጌተርስ ይባላል፤ አሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ ላይ ነው የተሰባሰበው።

ሌላ መልስ፦ እኔ የምወደው የኬኒ በትሪን ድራም ነው። ምንም አያበዛም፤ ዘፈኑን ያስተነፍሰዋል። ደግሞ ጥቂቶቹ ዘፈኖች የተቀዱት ካሊፎርኒያ፣ ኒል እርሻ ላይ ባለ ጎተራ ውስጥ ነው! «ኦልድ ማን» ላይ ባንጆውን የሚጫወተው ጄምስ ቴይለር ነው።

ጠያቂው፦ ተባረኩ! ከዚህ ባንድ ጋር ሌላ ሠርቷል?

መልስ፦ «ሃርቨስት ሙን» የተባለውን አልበም ስማ፣ እ.ኤ.አ. 1992። ቤን ኪዝ እዚያም አለ።