ለገለልተኛ የኤሌክትሪክ ፍተሻ ዋጋ እንዴት ላውጣ? «ካላለፈ አልከፍልም» የሚል ደንበኛስ ገጥሟችሁ ያውቃል?

አዲስ ፈታሽ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለዓመታት ዝርጋታ ስሠራ ቆይቼ አሁን የፍተሻ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ሥራዬ ሌላ ሰው የዘረጋውን መስመር ከኮዱ (ከኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንቡ) ጋር አመሳክሮ ሪፖርት መስጠት ብቻ ነው። አልዘረጋም፣ አልጠግንም። ግራ የገባኝ ዋጋው ነው። አንዱ በካሬ ሜትር አስከፍል ይለኛል፣ ሌላው ከግንባታው ወጪ በመቶኛ፣ ሌላው በሄድክ ቁጥር። ድጋሚ ፍተሻ ሲመጣስ በነጻ ልሂድ? በዚያ ላይ አንድ ተቋራጭ «ብዙ ቤት አመጣልሃለሁ፣ ካላለፈ ግን አልከፍልም» ብሎኛል። ሥራው ያጓጓል፣ ነገሩ ግን አልጣመኝም። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ባለሜገር፦

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሰውየውን ዛሬውኑ እምቢ በለው። ስታሳልፍ የምትበላ፣ ስትጥል ጾምህን የምታድር ከሆነ ገለልተኝነቱ የታለ? ለፍተሻ ተቋማት የወጣው አይሶ 17020 ደረጃም ፈታሹ የሚከፈልበት መንገድ በውጤቱ ላይ ተጽዕኖ እንዳያሳድር ይከለክላል። የሚከፈልህ ለሥራው ነው፣ «አልፏል» ለሚለው ማህተም አይደለም። እኔ ሳልሄድ በፊት ነው የምቀበለው። ቢዘገይ ቢዘገይ ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት። ሪፖርቱን አንብቦ ለመክፈል የሚጣደፍ ያለፈው ሰው ብቻ ነው።

ዋጋውን ከሰዓትህ ተነስተህ አስላው። በሳምንት 40 ሰዓት በ52 ሳምንት ሲባዛ 2,080 ነው። ዕረፍትና በዓሉን ቀንስ። ስልክ የምታወራበትን፣ አዲስ የወጣ ኮድ የምታነብበትን፣ ያልከፈለህን ሰው የምታሳድድበትንም ቀንስ። እኔ 1,100 ገደማ ነው የምይዘው። ከዚያ የዓመቱን ወጪ ደምር፤ የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ፣ መኪና፣ የመለኪያ መሣሪያ ካሊብሬሽን (በትክክል መለካቱን ማስፈተሻ)፣ ግብር፣ የራስህም ደመወዝ። ይህን ለ1,100 አካፍል። ለ2,080 ካካፈልከው ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ጊዜህን በነጻ ሸጥከው ማለት ነው።

ቀይ ፌዝ፦

ባለሜገር በሰዓቱ ልክ ነው፣ ግን የሰዓት ዋጋ ለራስህ መያዣ ነው እንጂ ለደንበኛ አይነገርም። ደንበኛ የሚፈልገው ቁርጥ ዋጋ ነው። በካሬ ሜትር የሚለውን ደግሞ ተወው። እንደ ሜዳ የሰፋ መጋዘን ሆኖ አሥር መስመር ብቻ ያለው አለ። ትንሽ ክሊኒክ ሆኖ ፓናሉ (የማከፋፈያ ሳጥኑ) በሽቦ ብዛት አልዘጋ ያለ አለ። ጊዜ የሚበላው የሰርኪዩቱ፣ ማለትም ከፓናሉ የሚወጣው መስመር፣ ቁጥር ነው።

አንዱን የሶኬት መስመር ብቻ አስበው። ኃይል ታጠፋለህ፣ መጥፋቱን በቴስተር ታረጋግጣለህ። የኧርዙን መያያዝ እስከ መጨረሻው ሶኬት ድረስ ትለካለህ። ዲመርና ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ካለ ትነቅላለህ፣ አለዚያ የሜገሩ (የሽቦ ሽፋን መፈተሻው) 500 ቮልት ሊያበላሸው ይችላል። ኢንሱሌሽኑ (የሽቦው ሽፋን) ቢያንስ 1 ሜጋኦም ማሳየት አለበት። ከዚያ ኃይል መልሰህ ፖላሪቲውን (ሽቦዎቹ በየቦታቸው መግባታቸውን) እና የሉፕ ኢምፒዳንሱን (ብልሽት ሲኖር ኤሌክትሪኩ የሚዞርበትን መንገድ ተቃውሞ) ታያለህ፣ የ30 ሚሊአምፔሩ አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጠው መሣሪያ) በ300 ሚሊሰከንድ ውስጥ መቁረጡን ትፈትሻለህ። ሉፕ ስትለካ አርሲዲው ከወደቀብህማ ቤቱ ይጨልማል፣ አንደኛ ፎቅ ያለው ሰው መጮህ ይጀምራል፣ አንተም እንደገና «ሀ» ትላለህ። ይህ ሁሉ ለአንድ መስመር ነው።

ስለዚህ መነሻ ዋጋ አውጣ። መንገዱን፣ ፓናሉን፣ ሪፖርቱንና እስከ 12 የሚሆን ሰርኪዩት ይሸፍን። ከዚያ በላይ ላለው በሰርኪዩት ጨምር። ሦስት ፌዝ፣ ጀነሬተር ወይም ሶላር ካለ ለብቻው።

የፓናል ልጅ፦

በግንባታ ወጪ መቶኛ የሚለውን ማንም ስላላነሳው፦ ባለቤቱ ወለሉን እምነ በረድ ቢያደርገው አንተ የምትለካው ሽቦ አይጨምርም። አለቀ።

ስለ ቅናሽ ግን ትንሽ ልበል። ተቋራጩ ብዙ ቤት አለኝ ካለ መቀነስ ነውር አይደለም፣ ምክንያቱ ግን መንገድ ይሁን። አንድ ግቢ ውስጥ አራት ቤት በአንድ ቀን ከፈተሽክ የመንገዱ ሰዓት በእርግጥ ተርፏል፣ ያንን ቀንስለት። ቅናሹንም ዋጋ ዝርዝርህ ላይ ጻፈው፤ ማንም ሰው አራት ቤት ይዞ ቢመጣ ያገኘዋል። «ደንበኛዬ ስለሆንክ» የሚል ቅናሽ ከሰጠህ ግን የመጀመሪያውን ቤት ስትጥልበት ፊቱን ታየዋለህ።

አዲስ ፈታሽ፦

እህቴ፣ የመንገዱን ነገር አላሰብኩትም ነበር፣ ተባረኪ። ሌላ ጥያቄ። ከልስን በፊት አንዴ፣ ሥራው ሲያልቅ አንዴ መሄድ አለብኝ። እሱ እንደ አንድ ይቆጠራል?

ሽቦ በሽቦ፦

በፍጹም! ሁለት ሥራ ነው፣ ሁለት መስመር አድርገህ ጻፈው። ከልስን በፊት የምታየው ቱቦውን፣ ሳጥኑን፣ የሽቦውን ውፍረትና አያያዝ ነው፤ ግድግዳው ከተዘጋ በኋላ አይታይም። የመጨረሻው በአብዛኛው ልኬት ነው። በመሃል ደግሞ ግንባታው ሊቆም ወይም ተቋራጩ ሊቀየር ይችላል። ውሉ ላይ ይህችንም አስገባ፦ ጠርተውህ ሳትደርስ ከለሰኑት ማስከፈቻው በእነሱ ወጪ፣ የሄድክበትም ይቆጠራል።

ድጋሚ ፍተሻን በነጻ የሚያደርጉ አሉ። እኔ አልስማማም። ነጻ የሚባል ነገር የለም፣ መነሻው ዋጋ ውስጥ ተደብቆ በደንብ የሠራው ባለሙያ ለሰነፉ ይከፍላል። የእኔ አካሄድ ይህ ነው፦ ጉድለቱ በፎቶ የሚታይ ከሆነ፣ ለምሳሌ የፓናል ጽሑፍ ወይም የጎደለ ክዳን፣ ፎቶ ልከው ይዘጋል፣ አላስከፍልም። ልኬት የሚፈልግ ከሆነ መንገዱንና ሰዓቱን አስከፍላለሁ።

ባለሜገር፦

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ድጋሚው ከመጀመሪያው አይወደድ። «ቅጣት» ብለው እጥፍ የሚጠይቁ አይቻለሁ። ተቋራጩ ወዲያው «ገንዘብ ሊሠራብኝ ነው የጣለኝ» ይላል፣ መልስም የለህም። በጣልክ ቁጥር የምታተርፍ ከሆነ «ካላለፈ አልከፍልም» የሚለው ነገር ተገልብጦ መጣ ማለት ነው።

ቀይ ፌዝ፦

የፍተሻ ዋጋ ጣሪያ በሕግ የተወሰነበት ቦታም አለ። ዝርዝርህን ከማተምህ በፊት ፈቃድ የሰጠህን አካል ጠይቅ።

አዲስ ፈታሽ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ለተቋራጩ ይህን ልልክለት ነው፣ እዩልኝ፦ «ክፍያው ከፍተሻው በፊት ነው። ቢያልፍም ባያልፍም ያው ነው። በአንድ ቀን አንድ ቦታ ከአንድ በላይ ቤት ከሆነ የመንገዱን እቀንሳለሁ። ድጋሚ ልኬት ካስፈለገ የሄድኩበትንና የሠራሁበትን ሰዓት ብቻ አስከፍላለሁ። ይህ የሚያስማማን ይመስለኛል።»

የፓናል ልጅ፦

ሪፖርቱ ለማን እንደሚሰጥ አልጻፍክም። ተቋራጩ ቢከፍልም አንድ ቅጂ ለባለቤቱ እንደሚደርስ አሁኑኑ ይወቅ።

ባለሜገር፦

«ይመስለኛል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አውጣት። የቀረውን ላከው።