ቸርች ውስጥ ያለ የነጻ ሰመር ካምፕ፦ ልጆቼን ልላክ ወይስ ይቅርብኝ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም እንዴት ናችሁ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ። እኛ ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም። የ9 ዓመት ሴትና የ6 ዓመት ወንድ ልጆች አሉኝ። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፣ እኔ ጠዋት ሥራ እገባለሁ ባለቤቴ ደግሞ ማታ ሰርቶ ቀን ነው የሚተኛው። ሰፈራችን ያለ የፈረንጆች ቸርች ለኢሚግራንት ልጆች ነጻ የቀን ካምፕ አለን ብለው የአፓርትመንታችን ላውንደሪ ክፍል ወረቀት ለጥፈዋል፣ ሁሉም ቮለንቲየር ናቸው ይላል። ደስ አለኝ ግን ፈራሁም፣ እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ ልጆቹም እንግሊዝኛው ገና ነው በተለይ ትንሹ። ቤት ሆነው ትልቋ ብትጠብቀው አይሻልም? ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ በእናታችሁ።

የካምፕ አስተርጓሚ፦
እህቴ እንኳን ደህና መጣችሁ። መጀመሪያ ስለ መጨረሻው ጥያቄሽ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ብዙ አበሻ በዚህ ይጎዳል። በሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቤትም ሆነ መኪና ውስጥ ብቻውን አይተውም፣ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። አባት ቤት ውስጥ ካለ ሌላ ነገር ነው፣ ግን ኦቨርታይም ተጠርቶ በወጣበት ቀን የ9 ዓመቷ ለ6 ዓመቱ ጠባቂ ልትሆን አትችልም። አገር ቤት እኮ ታላቅ ታናሹን አዝሎ ነው የሚያድገው፣ አውቃለሁ፣ እዚህ ግን አይሰራም።

ወደ ካምፑ ስመጣ፣ ላኪያቸው ነው የምልሽ። እኔ እንደዚህ ዓይነት ካምፕ ላይ የተወሰኑ ሰመሮች ጠዋት ጠዋት መመዝገቢያው ጋ ቁጭ ብዬ ለእኛ ሰው አስተርጉሜአለሁ። የሚያስተምሩት አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ አስተማሪዎችና የሃይስኩል ልጆች ናቸው። ጠዋት ልጆቹን በቡድን ከፍለው ያስነብቧቸዋል፣ ከምሳ በኋላ ስዕል ኳስ የውሃ ጨዋታ ምናምን፣ አንዳንዴ ፓርክ ወይም ሙዚየም ይወስዷቸዋል። የሁለት ወር ምናምን እረፍት ነው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ቲቪ ፊት የከረመ ልጅ የለመዳትን እንግሊዝኛ እንኳን ረስቶ ነው ትምህርት ሲከፈት የሚመለሰው።

ቋንቋ አይችሉም ብለሽ አትጨነቂ። ከእኛ ልጆች አንዷ መጀመሪያ ሰሞን አንድም ቃል አትናገርም ነበር፣ ምሳዋን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። አንድ ቀን ቮለንቲየሮቹ ፓርኪንጉ ላይ ጠመኔ ሲያድሉ ዝም ብላ ሄዳ ሰኞ ማክሰኞ አሰመረችና ጠጠር ወርውራ መዝለል ጀመረች። አንዲት የሆንዱራስ ልጅ መጥታ ከኋላዋ ተሰለፈች፣ ከዛ ሁለት የአፍጋኒስታን ልጆች። ማንም ሕጉን አላስረዳቸውም፣ ሁሉም አገራቸው ተጫውተውታል። መስመር የረገጠችውን ልጅ "ወጣሽ!" ብላ በአማርኛ ስትጮህባት ነው ድምጿን የሰማነው።

አሁን ዋናው ልነግርሽ የምፈልገው። እኛን የሚጎዳን ይሉኝታ ነው። ነጻ ስለሆነ ብቻ "ምን አፍ አለኝና እጠይቃለሁ" እንላለን፣ ሰዎቹ ደግሞ እንድንጠይቃቸው ነው የሚፈልጉት፣ የሚጠይቅ ወላጅ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፋቸውም። ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት ሄደሽ በአካል አናግሪያቸው። ቮለንቲየሮቹ ባክግራውንድ ቼክ አላቸው ወይ? አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ከአንድ ልጅ ጋር የሚሆንበት ጊዜ አለ ወይ? ትንሹን ሽንት ቤት ማን ነው የሚወስደው? ውሃ ካለ ዋና የሚችል ጠባቂ አለ ወይ? ቦታውን አሳዩኝ በያቸው። በደንብ የሚሰሩት ያለምንም ማቅማማት ነው የሚመልሱልሽ፣ የሚያድበሰብስ ካጋጠመሽ ግን ነጻም ቢሆን ይቅርብሽ።

ስለ ሃይማኖትም እንደዛው በግልጽ ጠይቂ። ቪቢኤስ የሚባለው ፕሮግራም መዝሙርና የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ያለበት ነው፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሳምንት ብቻ ነው የሚቆየው። የኢሚግራንት ልጆች ካምፕ የሚሉት ግን ብዙው ንባብና ጨዋታ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ጠዋት ጸሎት አለ አንዳንዱ ጋ የለም። የቀኑን ፕሮግራም በወረቀት ስጡኝ በያቸው፣ የማትፈልጊው ሰዓት ካለ ልጆቼ በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ይሁኑልኝ ብትይ ነውር የለውም። የሙስሊም እናቶች እንዲህ ብለው ሲጠይቁ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ተደርጎላቸዋል።

ጾሙንም አትርሺ። ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል፣ ካምፑ እስከዛ ከቆየ ምሳው ላይ ችግር ይፈጠራል። አንዴ አንድ ልጅ የቺዝ ፒዛው ፊት ተቀምጦ አልበላም አለ፣ ቮለንቲየሯ ታመመ ብላ ግንባሩን ነካች፣ ሙቀት ለካች፣ በመጨረሻ እናቱ ሥራ ቦታ ተደወለላት። "ኧረ ደህና ነው፣ ዛሬ ፍልሰታ ገብቶ እኮ ነው!" ልጁ እስከዛ ጾሙን ውሎ ነበር፣ ያቺ እናት አስቀድማ ፎርሙ ላይ ብትጽፍ ኖሮ ሩዝና ባቄላ ይዘጋጅለት ነበር። ስጋ ወተት እንቁላል አይበሉም ብለሽ ጻፊ፣ ቬጋን ካልሻቸው ቶሎ ይገባቸዋል።

ሌላው ልጅ መውሰጃው ነው። ማን እንደሚወስዳቸው በስም ይጻፋል፣ ከዝርዝሩ ውጪ ለሆነ ሰው ልጅ አይሰጡም፣ አይዲ ያያሉ። እኛ ጋ ግን "ዛሬ ጎረቤቴ ትወስዳቸዋለች" ተብሎ በአፍ ብቻ ይላካል፣ ሴትየዋ ሥራ ጥላ መጥታ ባዶ እጇን ትመለሳለች፣ ከዛ ጸብ። ለልጆቹ ብለው ነው አትቀየሚያቸው፣ የምታምኚያቸውን ሁሉ አይዲያቸው ላይ ባለው ስም ከመጀመሪያው አስመዝግቢ።

የቨርጂኒያው አባት፦
አስተርጓሚዋ ሁሉንም ብላዋለች፣ እኔ የገንዘቡን ልጨምር። ካምፑ ቦታ ሞልቶ የሚከፈልበት ውስጥ ካስገባሽ ደረሰኙን እንዳትጥይ። አንቺም ባለቤትሽም ሥራ ላይ ስለሆናችሁ፣ ልጁም ከ13 በታች ስለሆነ፣ የቀን ካምፕ ወጪ ታክስ ስትሠሩ ይታሰብላችኋል፣ ታክሳችሁን ይቀንሳል፣ የሚሞላው ፎርም 2441 ነው። ለሁለት ልጆች እስከ 6000 ዶላር ወጪ ድረስ ይቆጠራል (ከሱ ላይ በፐርሰንት ነው ሙሉው አይደለም)። የካምፑን ታክስ ቁጥር ጠይቂ። የሚያድሩበት ካምፕ ግን አይቆጠርም።
ደግሞ በየፓርኩና ትምህርት ቤቱ የሚሰጥ የሰመር ምሳ አለ፣ ክፍት በሆኑት ቦታዎች 18 ዓመትና ከዛ በታች የሆነ ልጅ ሁሉ ሄዶ ይበላል፣ ፎርምም ወረቀትም የሚጠይቅ የለም። ፉድ ስታምፕ ካላችሁ ደግሞ ሜሪላንድ ለሰመሩ በልጅ 120 ዶላር የምግብ ገንዘብ ትሰጣለች፣ ከ2024 ጀምሮ።

የካምፕ አስተርጓሚ፦
ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልህ። እኔም ለሌሎቻችሁ አንድ ነገር ልበል። ሃይስኩል ልጆች ያላችሁ፣ ሜሪላንድ ለመመረቅ የሰርቪስ (የበጎ ፈቃድ አገልግሎት) ሰዓት ግዴታ ነው፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ 75 ሰዓት ነው የሚፈልገው። ካምፕ ላይ ትንንሾቹን ማስነበብ ሰዓቱን ለመሙላት ጥሩ ነው (ሃይማኖት ማስተማር ግን አይቆጠርም፣ ቀድማችሁ ትምህርት ቤታቸውን ጠይቁ)። እዚህ ተወልደው አማርኛ የሚሰሙ ልጆች ለእንደዚህ እህት ልጆች ከማንም በላይ ይጠቅማሉ። የራሳችን ቤተክርስቲያኖችም አዳራሽ አላቸው፣ አገር ቤት መምህር የነበሩ ስንት አባቶችና እናቶች አሉን፣ ለሰንበት ትምህርት የምንሰበሰበውን ያህል ለሰመር ንባብ ለምን አንሰበሰብም? እኔ ደብራችን ላይ ይህንን ለማንሳት ወስኛለሁ፣ የሚያግዘኝ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ልቤን አሳረፋችሁት፣ ተባረኩልኝ። ረቡዕ ኦፍ ነኝ ሄጄ አያቸዋለሁ። ፎርሙ ግን የክትባት ወረቀት ይላል፣ እኛ ስንመጣ የያዝነው የት እንደገባ አላውቅም፣ ምን ላድርግ?

የካምፕ አስተርጓሚ፦
ትምህርት ቤት ስታስገቢያቸው ሰጥተሻቸው የለ፣ እነሱ ጋ ፋይል ውስጥ አለ። ሳይዘጋ ነገውኑ ኦፊሱ ሄደሽ ኮፒ ጠይቂ፣ ከተዘጋ በኋላ ሰው ማግኘት ይቸግርሻል። ረቡዕ ካስተርጓሚ ጋር መሄድ ከፈለግሽ ጻፊልኝ፣ ከሰዓት ነጻ ነኝ።