ከዶክሶሩቢሲን በኋላ የልብ ክትትል

ጥያቄ፦ ለጡት ካንሰር አራት ዙር ዶክሶሩቢሲን (ልብን ሊጎዳ የሚችል የካንሰር መድኃኒት) የጨረሰች ሴት የልብ አልትራሳውንድ መቼ ትታይ? ምንም አይሰማትም።

መልስ፦ መጀመሪያ ጠቅላላ መጠኑን ከካርዷ ላይ ደምሩ። በየዙሩ 60 ሚሊግራም በካሬ ሜትር ከሆነ 240 ይሆናል። 250 ሲደርስ ስጋቱ ከፍተኛ ይባላል፤ ከ400 በላይ ደግሞ የልብ ድካም በፍጥነት ይጨምራል። ሕክምናው ባለቀ በ12 ወር ውስጥ ትታይ። ምንም አለመሰማቱ አያዘናጋችሁ፤ የልብ ጡንቻ ሲዳከም መጀመሪያ ላይ ምልክት ላይኖረው ይችላል።

መልስ፦ ትራስቱዙማብም (ይህም ልብን ሊያዳክም የሚችል የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው) የምትወስድ ከሆነ ምርመራው በየ3 ወሩ ነው። የልብ ደም የመርጨት አቅም 10 ነጥብ ወርዶ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ለካንሰር ሐኪሟ ወዲያው ይነገር። መድኃኒቱን ግን በራሷ አታቋርጥ።

መልስ፦ ግራ ደረቷ ጨረር ካገኘው የልብ ደም ስሮች ከዓመታት በኋላ ሊጠቡ ይችላሉ። ደም ግፊቷን እባካችሁ ችላ አትበሉ። እግሯ ካበጠ ወይም ጋደም ስትል ትንፋሽ ካጠራት ቀጠሮ አትጠብቅ።